ከነጩ ቀለም ሥር

መኪናው ጓሮ ውስጥ ነበር የቆመው። ሞተር አልነበረውም፤ ካምቢዮም አልነበረውም። ላዩ ላይ የተለቀለቀው ቀለም ነጭ ነበር። ቦታው ባሃ ካሊፎርኒያ ነው፤ ከሜክሲኮ ምዕራብ ወደ ባሕሩ እንደ ጣት የተቀሰረው ረጅም መሬት። እዚያ አንድ አሮጌ መኪና ሲበሰብስ ቢከርም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ሜክሲኳዊ ግን አየው። አሮጌ ሙስታንግ የሚወድ ሰው ነበርና ከሌላ ሙስታንግ ጋር ሁለቱን አንድ ላይ ገዛቸው።

ለነጩ የታሰበለት ነገር ነበር። ጣሪያው ከመሀል ጀምሮ እስከ ጅራቱ እየተንሸራተተ የሚወርድ፣ ፋስትባክ የሚሉት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ አንድ የኒኮላስ ኬጅ ፊልም ላይ «ኤሊኖር» የምትባል ግራጫ ሙስታንግ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌ ፋስትባክ እጁ የገባ የጋራዥ ሰው ብዙውን ጊዜ ኤሊኖርን መሥራት ያምረዋል። ይኼም ሰው እንደዚያው አማረው። ነጩን ልጦ፣ ቆርቆሮውን ቆርጦና በይዶ፣ የኤሊኖርን ፊትና ጎን አልብሶ ሊያወጣው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ከድንበሩ ማዶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አብሮት የሚሠራ ባልደረባ ነበረው። ባልደረባው ተራ ነገር አደረገ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ፈለገ። እኛም አገር መኪና የሚገዛ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሊብሬውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥር ማመሳከር። አመሳከረና ያገኘውን ማመን አቃተው። ወዲያው ለሜክሲኮው ወዳጁ ነገረው፦ ሥራው ይቁም፤ መኪናውን ማንም እንዳይነካው።

ቁጥሩ በ125558 የሚያልቅ ነበር።

ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ 1968 ሳን ፍራንሲስኮ መመለስ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ፒተር ዬትስ «ቡሊት» የተባለውን ፊልም ያነሣ ነበር፤ ዋናው ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን። ለፊልሙ ሁለት ጥቁር አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንጎች ቀረቡ። ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ አንዱ 558፣ ሌላው 559። ሁለቱም ሙስታንግ ጂቲ 390 ናቸው፤ ባለ 6.4 ሊትር ሞተር። አሜሪካኖች መስል ካር የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ትልቅ ሞተር የተጫነበት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚፈረጥጥ ጉልበተኛ።

መንታዎቹ ግን ዕጣቸው አንድ አልነበረም። 559 የማክዊን ፊት ከመሪው ኋላ በቅርብ የሚታይባቸውን ቦታዎች ወሰደ። 558 ደግሞ ዱላውን ቻለ። የሳን ፍራንሲስኮ መንገድ እንደ ደረጃ ነው፤ ዳገቱ በየመስቀለኛው ሜዳ ይሆንና እንደገና ይወርዳል። መኪናው እያንዳንዷ ሜዳ ላይ በአየር ተንሳፍፎ ያርፋል። የፋብሪካ ሙስታንግ ይህን ደጋግሞ አይችልም። በሞተሩ ግራና ቀኝ ሞላውና አሞርዛቶሩ የሚሰኩባቸው ሁለት የቆርቆሮ ማማዎች አሉ፤ መኪናው ከላይ ሲወድቅ ወደ ውስጥ የሚታጠፉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ማክስ ባልቾውስኪ የተባለ የእሽቅድምድም መካኒክ ሞላና አሞርዛቶሩን ለውጦ እነዚያን ማማዎች በብረት አጠነከራቸው። ይህን ብየዳ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንመለስበታለን።

የፊልሙ የመኪና ማሳደድ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከከባዶቹ ዝላዮች ብዙዎቹን የነዳው ማክዊን አልነበረም፤ በድ ኤኪንስ የተባለ ስታንትማን ነበር። የሚሳደደውን ጥቁር ዶጅ ቻርጀር ደግሞ ቢል ሂክማን ይዞታል። ፊልሙ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእውነት ብዙ አይጨነቅም። አንዷ አረንጓዴ ቮልስዋገን በዚያው ማሳደድ ላይ ደጋግማ ትታለፋለች፤ ቻርጀሩም ካሉት አራት እግሮች በላይ የቸርኬ ክዳን ሲያፈስ ይታያል። ያም ሆኖ ያቀናበረው ፍራንክ ኬለር ኦስካር ወሰደ።

ቀረጻው ሲያልቅ 559 ተጠጋገነና ተሸጠ። 558 ግን የሚጠገን አልነበረም። ለቁርጥራጭ ብረት ሄዷል ተባለ፤ ወሬውም እንደ እውነት ተይዞ ቀረ።

559ን ሲፈልጉ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ማክዊን ራሱ ነበር። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በ1974 በመጽሔት ማስታወቂያ አማካይነት በ6,000 ዶላር ኪርናን ለሚባል የኒው ጀርሲ ቤተሰብ ደረሰ። ባለቤትየዋ አስተማሪ ነበሩና ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ይነዱት ነበር። በሆሊውድ ታሪክ የሠራው ሙስታንግ ደብተርና ጠመኔ ሲያመላልስ ዋለ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1977 ደብዳቤ መጣላቸው። የጻፈው ማክዊን ነው። መኪናውን መልሶ መግዛት ይፈልጋል፤ በምትኩ ተመሳሳይ ሙስታንግ ሊፈልግላቸው ፈቃደኛ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይቅር ይላል። በመሀል አንድ ሌላ ሐሳብ ነበረች፤ ሰው ሁሉ የሚዘላት። መኪናውን የሚፈልገው በፊልሙ ላይ እንደነበረ ሆኖ ነው፤ እንዲታደስ አልፈለገም።

ኪርናኖች አልሸጡም። በ1980 ፍሪሲዮኑ ተበላሸ፤ መኪናው ቆመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ማክዊን በሜክሲኮዋ ሁዋሬዝ ከተማ ሞተ። ቤተሰቡም ምስጢሩን ይዞ ዝም አለ።

ዝምታው ሌላ ነገር ወለደ። እውነተኛው ሲጠፋ ቅጂው በዛ። አፍቃሪዎች አሮጌ ፋስትባክ እየገዙ አረንጓዴ ቀቡ፤ ከፊቱ የሚጋልበውን የፈረስ ምልክት ነቀሉ፤ ቸርኬውን ቀየሩ። ፎርድ ራሱ በ2001፣ ቀጥሎም በ2008 «ቡሊት» የሚባል አዲስ ሙስታንግ አወጣ። ይህ ሁሉ ምንም ነውር የለበትም፤ ቅጂ ነኝ ያለ ቅጂ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ቅጂው ዋናው ነኝ ሲል ነው። የመስል ካር ገበያ ለዚህ የተመቸ ነው። ያው አካል፣ ያው በር፣ ያው ጣሪያ ያላቸው ሁለት መኪኖች በዋጋ ሰማይና ምድር የሚሆኑት በሞተሩ ዓይነትና በታሪካቸው ብቻ ነው። ሞተር ይገዛል። ጽሑፉና ምልክቱ ይለጠፋል። የቁጥሩን ሳህን ሳይቀር ከተሰባበረ መኪና ነቅሎ ሌላው ላይ የሚመታ አለ።

እንግዲህ ባሃ ላይ የተገኘው ቁጥር፣ ያንን ነጭ ሬሳ ታዋቂ አደረገው እንጂ እውነተኛ አላደረገውም። የ558 ቁጥር በአፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። የታወቀ ቁጥር ደግሞ ለመኮረጅም የታወቀ ነው።

ሁለቱ ባልደረባዎች ኬቨን ማርቲ የሚባል ሰው ጠሩ። ማርቲ አሪዞና ውስጥ የሚሠራ፣ ፎርድ ከ1967 ጀምሮ ያመረታቸውን መኪኖች መዝገብ እንዲጠቀም ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው። በሥራው «የማርቲ ሪፖርት» የሚባል ሰነድ ይወጣል፤ የአንድ ፎርድ የልደት ምስክር ወረቀት እንደማለት ነው። በየትኛው ፋብሪካ እንደተሠራ፣ በምን ቀለም፣ በምን ሞተርና ካምቢዮ እንደወጣ ይናገራል። ለእሱ የሻንሲ ቁጥር ዓረፍተ ነገር ነው። የዚህኛው መጀመሪያ ላይ ያለው 8 ማለት የ1968 ሞዴል ነው። ቀጥሎ ያለው አር የካሊፎርኒያው ሳን ሆዜ ፋብሪካ ነው። 02 ፋስትባክ ነው። ኤስ 390 ሞተር ነው። የቀሩት ስድስት አኃዞች ተራ ቁጥሩ ናቸው።

ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነበር። ዓረፍተ ነገር ግን ይገለበጣል። ማርቲ ሰነዱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ጽፎ መላክ ይችል ነበር፤ ያንን አላደረገም። ተነሥቶ ሜክሲኮ፣ ሜክሲካሊ ሄደ።

ከፊቱ የጠበቀው የሚያምር ነገር አልነበረም። ሞተሩ ቢኖር ቁጥሩን ይመረምራል፤ የለም። ካምቢዮው ቢኖር ይመረምራል፤ የለም። ቀለሙ የፋብሪካው አይደለም። የታደሰ መኪና የሚመረምር ሰው የሚፈትሸው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ጎደለ። የቀረው ባዶ አካል ነበር። ይህ መጀመሪያ ላይ እንደ ኪሳራ ይመስላል።

ግን 558ን 558 ያደረገው ያ አካል ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን በሌላ መተካት ይቻላል። የተደበደበው፣ የተበየደው፣ የተበሳው ቆርቆሮው ነው። ፋብሪካው በ1968 ሙስታንግ ላይ ቁጥሩን ዳሽቦርዱ ላይ ካለችው ሳህን ሌላ፣ በሞተሩ ክፍል ጎንና ጎን፣ የፊት ፓራፋንጎው በሚሸፍነው ብረት ላይም በማኅተም ይመታል። ሳህኗን መንቀል ይቻላል፤ የተሸፈነውን ማኅተም ለማግኘት ግን የት እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለማስመሰልም የመኪናውን ጎን መቁረጥና መበየድ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ወደ ማማዎቹ ዞረ። አሞርዛቶሩና ሞላው የሚሰኩባቸው ሁለቱ ማማዎች ተጠናክረው ነበር። ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የሚወጣ ሙስታንግ የለም። አንድ ሰው መኪናው ከከፍታ እየወደቀ እንዲያርፍ አስቦ ጨምሮበታል።

ይህ ብቻውን አይበቃም። እሽቅድምድም የሚወድ ማንም ወጣት ማማ ሊያጠነክር ይችላል። ማርቲ ወደ ኋላ ሄዶ የዕቃ መጫኛውን ከፈተ። እዚያ ቀዳዳዎች ነበሩ።

ለአንድ ባትላሜራ ቀዳዳ ማለት ሥራ ማለት ነው፤ ይበየዳል፣ ስቱኮ ይለጠፍበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ይቀባል። ኤሊኖር ብትሠራ ኖሮ መጀመሪያ ከሚደፈኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ማርቲ ግን ምን እንደሆነ አወቀ። በቀረጻ ጊዜ መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ፊት የሚያበሩ መብራቶች ኤሌክትሪክ ያስፈልጋቸዋል። ጄኔሬተሩ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይቀመጣል፤ ገመዱም የሚያልፍበት መንገድ ይፈልጋል። ቆርቆሮው የተበሳው ለዚያ ነበር። ባለቤት ለገበያ ሲል የሚበሳው፣ አጭበርባሪም ለማስመሰል የሚያስበው ቀዳዳ አይደለም፤ መኖሩን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ መኖር አለበት።

ቁጥሩ፣ ማማዎቹ፣ ቀዳዳዎቹ፤ ሦስቱም አንድ ነገር ተናገሩ። ማርቲ መኪናው 558 ነው አለ። በመጋቢት 2017 ዜናው ወጣ፤ ለቁርጥራጭ ብረት ሄዷል የተባለው፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ሌላ ፊልም ሊለብስ ሲል ተያዘ። እውነተኛው የቡሊት መኪና ሐሰተኛ ኤሊኖር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ዜናው አንድ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ከሁለቱ የተጎዳው ይህ ከተገኘ፣ ያልተጎዳውስ የት አለ?

መልሱ ዓመት ሳይሞላ መጣ። ጥር 14 ቀን 2018 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ ፎርድ አዲሱን ቡሊት ሙስታንግ ሲያስተዋውቅ፣ ከጎኑ አንድ አሮጌ አረንጓዴ መኪና ብቅ አለ። ይዞት የመጣው ሾን ኪርናን ነው፤ አባቱ ከአራት ዓመት በፊት በ2014 ሞተው ነበር። ሞተሩ እንዲነሣ ተደርጓል። ከዚያ ውጪ ማንም ምንም አልነካበትም። ቀለሙ ደብዝዟል፤ አለፍ አለፍ ብሎ ዝገት ይዞታል፤ ካሜራ የተሰቀለባቸው ብረቶች ከሥሩ ተበይደው እንዳሉ ናቸው።

ጥር 10 ቀን 2020 ፍሎሪዳ ኪሲሚ ላይ ለጨረታ ሲቀርብም ያው ነበር። ጨረታው በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ፤ ከኮሚሽኑ ጋር 3.74 ሚሊዮን። ማክዊን በ1977 በደብዳቤው እንደለመነው፣ ሳይታደስ።