ልምሻ የመሰለው በሽታ

በሰሜን ቻይና ገጠሮች በሐምሌና በነሐሴ ልጆችን ድንገት እግራቸው ይከዳቸው ነበር። ቀጥሎ እጃቸው ይዝላል፤ የባሰባቸው መተንፈስ ያቅታቸዋል። ይህ ለዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። ልምሻ ነው እንዳይባል ትኩሳት የለም፤ ከአከርካሪ የሚቀዳው ፈሳሽም በልምሻ ጊዜ የሚበዙት ነጭ የደም ሕዋሳት አይታዩበትም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የጆንስ ሆፕኪንሱ ጋይ መካን የነበሩበት የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ቡድን በሺጂያጁዋንግ ከተማ ከቻይናውያን ባልደረቦቹ ጋር ታማሚዎቹን መረመረ። የተገኘው ነርቭን ከሚያጠቃው ከጉሊያን ባሬ ሕመም አንዱ ዓይነት ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው የነርቩን ሽፋን ይልጣል፤ ይኼኛው ግን ሽፋኑን ትቶ እንቅስቃሴ የሚያዝዘውን የነርቭ ክር ራሱን ይመታል። የደም ምርመራው ደግሞ ወደ አንጀት አመለከተ። ይህ ዓይነቱ ሕመም ከያዛቸው ሦስት አራተኛ በሚሆኑት ደም ውስጥ፣ ካምፓይሎባክተር ጄጁኒ የተባለው ባክቴሪያ በቅርቡ ይዟቸው እንደነበር የሚጠቁም ምልክት ተገኘ። ዶሮ አንጀት ውስጥ ተስማምቶት የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ሰው ላይ ተቅማጥ ያመጣል።

ተቅማጥ እንዴት እግር ያስራል?

ነገሩ ያለው ባክቴሪያው በለበሰው ስኳር ላይ ነው። አንዳንድ የካምፓይሎባክተር ዝርያዎች ገጻቸው ላይ የሚሸከሙት የስኳር ሰንሰለት፣ በነርቮቻችን ገጽ ላይ ጂኤም 1 በሚባለው ቅባት ላይ ካለው ስኳር ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለማጥፋት ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። እነሱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን፣ ተቅማጡ ተረስቶ እናት «ልጄ ተሻለው» ባለችበት ሰዓት፣ ያንኑ መልክ ነርቩ ላይ አግኝተው ነርቩን ይመታሉ። ሰውነት ተሳሳተ ለማለት ይከብደኛል፤ የለየውን መልክ በትክክል ነው የለየው።

ጃፓናዊው ሐኪም ኖቡሂሮ ዩኪ ይህን ፈለግ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ተከታተሉ። በ2004 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከባክቴሪያው ገጽ የተወሰደውን ስኳር ያዘለ ቅባት የተወጉ ጥንቸሎች ሽባ ሲሆኑ አሳዩ።

ካምፓይሎባክተር ከያዛቸው ሺህ ሰዎች ለዚህ የሚዳረገው አንድ ገደማ ነው። ለዚያ አንድ ሰው ያለው ሕክምና ግን ከለጋሾች ደም የሚጣራ ውድ መድኃኒት ወይም ፕላዝማውን መለወጥ ነው፤ የመተንፈሻ መሣሪያም ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን ለሐኪም ብቻ መተው ልክ አይመስለኝም። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ በዶሮ ሥጋ አምራቾቿ ላይ ቁጥጥሯን አጠበቀች። በካምፓይሎባክተር የሚታመመው ሰው ወደ ግማሽ ወረደ፤ በጉሊያን ባሬ ታሞ ሆስፒታል የሚገባውም በ13 በመቶ ቀነሰ።