የነባሩ ኮምፒዩተር ባለሙያ አባባሎች በፊዚክስ ሚዛን

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በ18 ማዞሪያም ሆነ በአጠና ተራ፣ በቤተልም ሆነ በአየር ጤና፣ ኮምፒዩተር የማይገባበት ሥራ እየጠፋ መጥቷል። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና የወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገባቸውን ለዚህ መሣሪያ በአደራ ሰጥተዋል። መሣሪያው እክል ሲገጥመው የሚጠሩት ደግሞ ወጣቶቹ «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በሙያው ረጅም ዘመን የቆዩ ባለሙያዎች ናቸው። እነዚህ ነባር ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚመሩባቸው አጫጭር አባባሎች አሏቸው። ደንበኛው አንዳንዱን እንደ ቀልድ፣ አንዳንዱንም እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ አባባሎቹ በልምድ የተጠራቀሙ ዕውቀቶች ናቸው። ምክንያታቸውን ሳይመረምሩ መውረስ ግን በቂ ስላልሆነ፣ ጥቂቶቹን በፊዚክስ ሚዛን ላይ አስቀምጠን እንመልከታቸው።

«አጥፍተህ አብራው»

ከሁሉ የታወቀው ይህ ነው። በተለምዶ «ራም» የሚባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው እጅግ ጥቃቅን በሆነ ካፓሲተር ውስጥ በሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ሙል አማካይነት ነው። ሙሉ በራሱ ጊዜ ስለሚያመልጥ በየ64 ሚሊሰከንዱ ገደማ መታደስ ይኖርበታል። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ እድሳቱ ይቋረጣል፤ ፕሮግራሞቹ ሲሠሩ ያጠራቀሙት ዝብርቅርቅም አብሮ ይጠፋል። ዳግመኛ ሲበራ ሁሉም ነገር ከታወቀ መነሻ ይጀምራል። ነባሩ ባለሙያ «አጥፍተህ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ» የሚሉትም በኃይል ማከፋፈያው ውስጥ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች የያዙትን ሙል እስኪያፈሱ ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

ሆኖም ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። በየቀኑ እያጠፉ ማብራት ግድ ከሆነ መንስኤው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ሙቀት ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ሆኖ ይገኛል።

«አቧራውን አራግፉለት»

ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን በክብደት ያንሳል፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣውም አየር እንዲሁ። በዚህም ምክንያት ብዙ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ለየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ያደርጋሉ። በኮልፌ ከፍታ ይህ ወደ 5 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን ችግሩ ይደራረባል።

የሙቀት ጉዳት ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። በኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ዘንድ የታወቀው ግምታዊ ሕግ እንደሚያመለክተው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ፊዚክስ አንድ የቆየ ልማድን ያርማል፦ ኮምፒዩተርን በጨርቅ መሸፈን የሚጠቅመው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው። እየሠራ ከተሸፈነ ጨርቁ አቧራውን ቢከለክልም ሙቀቱን ያፍናል።

«መብራት መጣ ብለህ አትቸኩል»

የሀገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ግን ይህ ቁጥር ወዲያው አይረጋም። በአንድ መስመር ላይ ያሉት ማቀዝቀዣዎች፣ የውኃ መሳቢያዎችና የወፍጮ ሞተሮች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ከረንት በመደበኛ ሥራው ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከዚያም ከፍ ዝቅ እያለ ይረጋጋል። ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

«የድሮው ይሻላል»

በዚህ አባባል ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከ20 ዓመት በፊት ተገዝቶ ዛሬም የሚሠራ ኮምፒዩተር የምናየው ስላልተበላሸ ነው፤ አብረውት የተገዙትና የተበላሹት ተፈታትተው በዓይናችን ፊት የሉም። የተረፈውን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሁሉም መፍረድ በስታቲስቲክስ የታወቀ ስሕተት ነው።

«ማሽን ደመረው ብለህ አትመን፤ ሁለት ቅጂም ያዝ»

በ2003 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም፣ ሻርቤክ በተባለች የብራስልስ ወረዳ በተካሄደ ምርጫ አንዲት ዕጩ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ድምፅ ተቆጠረላቸው። ልዩነቱ በትክክል 4,096 ሲሆን ይህም 2 አሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። አንዲት ቢት ብቻ ከ0 ወደ 1 ተገልብጣ ነበር። የፕሮግራም ስሕተት ባለመገኘቱ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ በእርግጠኝነት ግን አልተረጋገጠም። ይህ ጨረር የሚያስከትላቸው ኒውትሮኖች ከፍታ ሲጨምር ይበዛሉ፤ እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ ሀገር ደግሞ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከፊሉን ይመልስልናል። ያም ሆነ ይህ፣ በቤልጅየም ስሕተቱን ያጋለጠው ውጤቱን ማመሳከሩ ነበር። የአንድ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ሰነድ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ ግን የሚመሳከርበት ነገር አይኖርም።

የጥምቀት ንጋት

ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት አሮጌ ሥርዓቶች ሊይዙ የሚችሉት ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህ ቁጥር የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ሕዝቡ በጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ ያልታደሱት ሰዓቶች ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳሉ። በ64 ቢት የሚቆጥሩ አዳዲስ ሥርዓቶች ይህ አያሰጋቸውም። ሥጋቱ ያለው ማንም በማያስታውሳቸው፣ በየጓዳው ድምፅ ሳያሰሙ በሚሠሩ አሮጌ መሣሪያዎች ላይ ነው።

ነባሩ ባለሙያ ስለ ሥራቸው የሚያሰሙት ዋና ቅሬታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራቸው በሠመረ ጊዜ አይታይም። ያልተበላሸ ማሽንና ያልጠፋ መዝገብ ምስጋና አያስገኙም። ስለዚህም ብዙ መሥሪያ ቤት ለግዢ እንጂ ለጥገና በጀት አይመድብም፤ ባለሙያውንም የሚጠራው ከጉዳቱ በኋላ ነው። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ዛሬ ሊያደርጉት የሚገባ ቀላል ነገር አለ፦ ያሏቸውን መሣሪያዎች መዝግበው የትኛው በ32 ቢት እንደሚቆጥር ባለሙያውን ይጠይቁ። ወጣት ተማሪዎቻችንም ከነባሮቹ አጠገብ ተቀምጠው አባባሉን ከነምክንያቱ ይማሩ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ያለ አንዳች እክል ካለፈ፣ ያን ዕለት የሚያመሰግናቸው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሥራው በሚገባ ለመሠራቱ ግን ምስክሩ ይኸው ይሆናል።