ሰውን ስለ መመርመርና ስለ መርማሪው ዕዳ

ጥበብ በደረሰችበት ስፍራ ሁሉ ሕሊና አብራ እንዳልደረሰች አገራችን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በወታደሩና በባላገሩ ላይ ያፈሰሱትን የሰናፍጭ ጋዝ የቀመሙት የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ኢጣልያም ያን ያደረገችው እንዲህ ያለው መርዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ውል ፈርማ ሳለች ነው። ይሁን እንጂ የጦር መርዝ ክፋቱ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም። ዛሬ ልንጽፍበት የፈለግነው በጎ መስሎ ስለሚመጣና አብዛኛውንም ጊዜ በእውነት በጎ ስለ ሆነ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውን መርምሮ ዕውቀት ማግኘት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወልቂጤም ብዙ ሳይርቅ፣ በጉራጌ አገር አታት የሚባል ስፍራ አለ። በዚያም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የካቶሊክ የሕክምና ሚስዮን እኅቶች ያቆሙት ሐኪም ቤት ይገኛል። በቅጥሩ ውስጥ፣ መውለጃዋ የቀረበና ምጥ ያስቸግራታል ተብላ የተፈራች እናት አስቀድማ መጥታ ቀኗን የምትጠብቅበት ማረፊያ አለ። ነገሩ ረቂቅ አይደለም። መንገዱ ሩቅ፣ ወንዙ በክረምት የሚሞላ፣ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤትም በሌሊት የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ ምጡ ሳይመጣ እናቲቱን ከሐኪሙ ደጅ ማቅረብ ማለት ነው።

ስለዚህ ማረፊያ ከ1987 እስከ 2008 በአውሮፓ አቆጣጠር የ22 ዓመት መዝገብ ተመርምሮ በ2010 ታተመ። በዚያ ዘመን በሐኪም ቤቱ ከወለዱት 24,148 እናቶች 6,805ቱ በማረፊያው ቆይተው፣ የቀሩት 17,343ቱ ግን ከቤታቸው በቀጥታ መጥተው የወለዱ ነበሩ። ከመቶ ሺህ ሕያው ልደት ሲቆጠር፣ በማረፊያው ከቆዩት የሞቱት እናቶች 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት የሞቱት ግን 1,333 ሆኑ። ሞተው የተወለዱትም ሕፃናት ከሺሁ በፊተኞቹ 18 ያህል፣ በኋለኞቹ 191 ነበሩ።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ወዲያው ማረፊያው ይህን ሁሉ ሞት አስቀረ ሊል ይወዳል። ነገር ግን ጠንቃቃ መርማሪ እንዲህ ሲል ይቃወመዋል፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ በቤት ሳሉ ጠንቶባቸው፣ አዋላጇም ተስፋ ቆርጣ፣ ከጭንቅ በኋላ የደረሱ ናቸው፤ ስለዚህ የሁለቱ ወገን ልዩነት የማረፊያው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ምን ያህሉ የማረፊያው፣ ምን ያህሉ የመዘግየቱ እንደ ሆነ በእርግጥ ለመለየት እናቶችን በዕጣ ከፍሎ ለእኩሌቶቹ ማረፊያ መስጠት፣ ለእኩሌቶቹ መከልከል ያስፈልጋል ይላል። በሳይንስ ሥርዓት ተቃውሞው እውነት ነው። በሕሊና ፊት ግን እንዴት ይቆማል?

ዕጣ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። ከሁለት መድኃኒት የትኛው እንደሚሻል በእውነት ማንም ባላወቀ ጊዜ ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ መፈተን የተፈቀደ ነው፤ ማንም አውቆ አልተበደለምና። ማኅፀኗ አስቀድሞ በቀዶ ጥገና የተከፈተ እናት ከሐኪም ርቃ ብታምጥ ምን እንደሚደርስባት ግን ሐኪሙ ያውቃል። እያወቀ በዕጣ ወደ ቤቷ ቢሰድዳት መርማሪ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ስም ያገኛል። ስለዚህ በአታት የተደረገው፣ ለሕክምና የተጻፈውን መዝገብ ኋላ ገልጦ መቁጠር፣ ምንም እንኳ እርግጡን ሁሉ ባይገልጥ፣ በእኛ አስተያየት የሚገባው መንገድ ነበረ። እርግጠኛነት የጎደለው ዕውቀት በሰው ሕይወት ከተገዛ እርግጠኛነት ይሻላል።

ይህ ነገር የሚታወቅ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ የአሜሪካን አገር ምሳሌ እናስታውስ። በቱስኪጊ ከተማ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው 400 ያህል ጥቁሮች፣ በሽታው ወደ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሲባል፣ ሳይታከሙ በመንግሥት ሐኪሞች ተጠበቁ፤ ፔኒሲሊን መድኃኒትነቱ ከታወቀ በኋላም ተከለከሉ። የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ በ1947 ተፈርዶባቸው፣ ሰው ሳይገደድ በፈቃዱ ካልሆነ አይመረመር የሚል ደንብ ከወጣ በኋላ፣ ይህ 25 ዓመት ቀጠለ።

እንግዲህ ፈቃድ የሚለውን ቃል በአገራችን ሚዛን እንመዝነው። በቡታጅራ ዙሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን አገሩ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በ1986 በአውሮፓ አቆጣጠር የጀመረው፣ ልደትና ሞትን በየቤቱ እየዞሩ የመመዝገብ ሥራ አለ። የተመረጡት ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ነበሩ። ጠያቂው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ባላገሩ ወይ ግብር ይሆን ብሎ ይፈራል፣ ወይ እርዳታ ይሆን ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ለእንግዳም እንቢ ማለት ነውር ስለ ሆነ እሺ ይላል። ካህናት አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ መቅሠፍት ወረደ፤ መቆጠርን የሚፈራ ሽማግሌ ካለ ይህንኑ ሰምቶ ይሆናልና አላዋቂ ተብሎ ሊናቅ አይገባም። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ የሚያህል የከበረ የሽማግሎች ጉባኤ ቢፈቅድ እንኳ፣ የሽማግሎቹ እሺታ ለመርማሪው መግቢያ በር ይሆነዋል እንጂ የአንዲቱን ሴት እሺታ አይተካም።

የዓለም የጤና ድርጅት በብዙ አገር ባስመረመረው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ 3 ሺህ ያህል ሴቶች ባሎቻቸው ይመቷቸው እንደ ሆነ ተጠይቀው፣ ባል ካገቡት ውስጥ ከመቶ 71 ያህሉ በዘመናቸው የድብደባ ወይም የሩካቤ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ሴቲቱ ብቻዋን ተጠየቀች፤ ከአንድ ቤትም ከአንዲት ሴት በላይ አልተጠየቀም፤ የጥናቱ ስም ለጎረቤትና ለባል ስለ ሴቶች ጤና ነው ተብሎ ተነገረ። ይህ ውሸት ነውን? ባልየው ቢያውቅ የተናገረችው ሴት ማታውን ትመታ ነበር። የንስሐ አባት የሰማውን ለባል አይነግርም፤ ጠያቂውም ያው ሸክም አለበት። እኛ ለባል ያልተነገረውን አንነቅፍም፤ ለሴቲቱ ለራሷ ግን የሚጠየቀው ምን እንደ ሆነ ጥያቄው ሳይጀመር ተገልጦ መነገር ነበረበት፤ የጥናቱም ደንብ ይህንኑ ያዝዝ ነበር።

በዚያው በቡታጅራ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ስለ አእምሮ ሕመም ተጠየቁ። ከባድ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት በዘመናዊ ሕክምና ታክመው አያውቁም ነበር። በሽተኛውን አግኝቶ፣ ስሙን መዝግቦ፣ ጥሎት መሄድ ይቻል ነበር፤ በሌላ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሞልቷል። እዚህ ግን በቡታጅራ ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተከፍቶ የተገኙት ሕመምተኞች መድኃኒት አገኙ። ዕዳን በዓይነቱ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ያልተከፈለ ግን አለ። ከነዚህ ቀበሌዎች ብዙ ጽሑፍ ወጥቷል፤ ብዙ ተማሪም የማስተርስና የዶክትሬት ማዕርግ አግኝቶበታል። ጽሑፉ የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙውም የታተመበት መጽሔት ከባሕር ማዶ ነው። የወረዳ ሹማምንት ለመርማሪ ደብዳቤ ስንጽፍ ቤት ለቤት ይዞር ዘንድ እንፈቅድለታለን፤ ሥራውን በጨረሰ ጊዜ ተመልሶ ያገኘውን ለጠየቃቸው ሰዎች ይናገር ዘንድ ግን በደብዳቤው ላይ የምንጽፍ ጥቂቶች ነን። በአታት ማረፊያ የቆዩት የ6,805 እናቶች ነገር አንድ የገበያ ቀን በጉራግኛ ቢነገር፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ሰሚዎቹም በሚቀጥለው ክረምት፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ሴት ልጃቸውን መቼ ይዘው መነሣት እንደሚገባቸው ያውቁ ነበር።