ኮሶን በግቢ ለመትከል የሚሹ ሊያውቁት የሚገባ

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ በመኖሪያ ግቢዎች ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ማየት የተለመደ ሲሆን፣ የአገራችን ተወላጅ የሆነው ኮሶ ግን ብርቅ ሆኗል። ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነበር።

ስሙ ሲነሣ ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ አይጠፋም፤ ኮሶ እየጠጣ ያደገ ሰው መራራነቱን እንጂ ውበቱን አያስታውስም። ይሁን እንጂ ዛፉ በበጋው ወራት ሲያብብ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ዘለላው ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ሲታይ እጅግ ያምራል። ሴቴውና ወንዴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚያብቡ ሲሆን፣ ቀላ ያለው የሴቴው ነው። ችግኙ ሳያብብ ጾታው ስለማይለይ ጎረቤታሞች ተመካክረው ሁለት ሦስት ቢተክሉ ይመረጣል።

ኮሶ ደጋን የሚወድ በመሆኑ ወደ እንጦጦ ተራራ ከፍ ያሉት ሰፈሮች ይስማሙታል። ሆኖም እስከ 20 ሜትር ሊያድግ ስለሚችል ለጠባብ ግቢ አይሆንም፤ ከግድግዳና ከመብራት ሽቦ መራቅ አለበት። ውሃ የሚቋጥር መሬትም አይስማማውም።

ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ፣ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይተከላል። ፕላስቲኩ ተቀድዶ መውጣት አለበት፤ የችግኙ አንገት አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም።

ትልቁ ችግር ከዚህ በኋላ ይመጣል። በክረምት በሆታ የተተከለው ችግኝ ጥር ላይ ውሃ አጥቶ ደርቆ ይገኛል። ስለሆነም ቢያንስ ሁለት በጋ እስኪያልፍ ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጎ ገለባ ወይም የታጨደ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንዳይመታው ለጋውን ችግኝ በጆንያ መሸፈን፣ በግና ፍየል እንዳይቀነጥሱትም ማጠር ተገቢ ነው።

ዛፉ ካበበ በኋላ ለትል መድኃኒት ብሎ አበባውን ወቅጦ መጠጣት አይገባም፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለኮሶ ትል በጤና ጣቢያ የሚሰጥ እንክብል አለ።