ብዙ ሙያ ያለው ሰው ራሱን ለሥራ ሰጪ እንዴት ያስተዋውቅ?

ከጓደኞቻችን መካከል ሥዕል የሚሥል፥ ግጥም የሚጽፍ፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፥ ደግሞም የመጽሐፍ ሽፋን የሚነድፍ ሰው አይታጣም። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለው ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ፥ አንድ ሙያ ብቻ ካለው ይልቅ ሲቸገር እናያለን። ሥራ ሰጪው «ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ሲሰማ «እንግዲያስ አንዱንም አጥርቶ አያውቅም» ብሎ ይጠረጥራልና ነው። ታዲያ ሙያ የበዛለት ሰው ሙያውን ይደብቅን? አይደለም፤ የአቀራረቡን ሥርዓት ይወቅ እንጂ። ይህንም በታወቀ ምሳሌ ለመመርመር እንሞክራለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1482 ዓ.ም. ገደማ፥ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል የነበረው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከፍሎረንስ ወደ ሚላን ሄዶ ሎዶቪኮ ስፎርዛን ለማገልገል ፈለገ። ለዚህ የተዘጋጀው የደብዳቤ ረቂቅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ደብዳቤው በተራ ቁጥር የተዘረዘሩ 10 ነጥቦች አሉት። ዘጠኙ የሚናገሩት ስለ ጦር ሥራ ነው፤ ይኸውም ስለ ቀላል ድልድይ፥ ምሽግ ስለ ማፍረስ፥ ስለ መድፍ፥ ስለ ተሸፈነ ሠረገላና ስለ መርከብ ነው። በሰላም ጊዜ ስለሚሠራው ሕንፃ፥ ስለ ውኃ ቦይ፥ ስለ ሐውልትና ስለ ሥዕል የሚያነሣው በመጨረሻ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የሙያዎቹን ተራ የወሰነው የባለሙያው ፍቅር ሳይሆን የሥራ ሰጪው ችግር ነው። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ሙያ የተገለጸው በስሙ ሳይሆን በጥቅሙ ነው፤ ድልድዩ ጠላትን ለማሳደድ እንደሚረዳ ተነግሯል። ሦስተኛ፥ የማይቻል የሚመስል ነገር ቢኖር ሠርቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆኑን ገልጿል።

ነገር ግን ደብዳቤ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሊዮናርዶ በ1483 ዓ.ም. በሚላን የተዋዋለው ሥራ አንድ የሃይማኖት ማኅበር ያዘዘው ሥዕል ሲሆን፥ ውሉን የፈረመውም በከተማው ይሠሩ ከነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ጋር ሆኖ ነው። እንግዳ ለሆነ ሰው፥ በቦታው ከታወቀ ባለሙያ ጋር መተባበር በር ይከፍታል።

በአገራችንም አፈወርቅ ተክሌ ሠዓሊ፥ ቀራፂና የባለ ቀለም መስተዋት ሥራ ዐዋቂ ነበሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፥ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመስተዋት ሥራቸው የአፍሪካን ነፃነት ይናገራል። እንዲህ ያለ በአደባባይ የሚታይ አንድ ሥራ ከረጅም የሙያ ዝርዝር ይልቅ ይመሰክራል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ወደ ሥራ ሰጪው ከመሄዳችን በፊት ምን እንደ ጎደለው እንጠይቅ። ወደ አሳታሚ የምንሄድ ከሆነ አስቀድመን ሦስት ወይም አራት የተመረጡ ሽፋኖች እናሳይ፤ ከዚያ በኋላ የደራሲውን ፎቶግራፍ ማንሣትና የማስታወቂያውን ቃል መጻፍም እንደምንችል እንንገረው። ያን ጊዜ የሙያችን ብዛት ጥርጣሬ መሆኑ ቀርቶ፥ ሦስት ሰው ከመፈለግ የሚያድነው ጥቅም ይሆናል። ሠርተን የማናሳየውን ሙያ ግን ከቶ አንጥራ፤ አንዱ ሐሰት ሲገለጥ እውነተኞቹንም ያሳጣልና።