የነፍሰ ጡሮች ወባ እና የምሥራቅ ሱዳኑ ተመራማሪ

ሱዳናዊው የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ኢስሐቅ አደም በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። በሕክምና ጽሑፎች ስማቸው ተደጋግሞ እንዲነሣ ያደረገው ግን ከመዲናዋ ርቀው በኒው ሀልፋ፣ በገዳሪፍና በሌሎች የክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ወባ ይዟቸው በመጡ ነፍሰ ጡሮች ላይ ያካሄዱት ጥናት ነው። ስለ ወባ መድኃኒት ሲወራ ዓለም የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትን ቻይናዊቷን ቱ ዩዩን ነው፤ ክብሩም ይገባቸዋል። እሳቸው ያገኙት መድኃኒት ለእርጉዝ ሴት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ጥያቄ ግን በቤጂንግ ቤተ ሙከራ ሊፈታ አይችልም ነበር።

ገዳሪፍ፣ ገላባትና ከድንበሩ ወዲህ ያለችው መተማ የአንድ ቆላ ልጆች ናቸው። አፈሩ ጥቁር መረሬ፣ አዝመራው ሰሊጥና ማሽላ ነው። ወባው የሚበረታው ዝናቡ ማባራት ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ከደጋ የወረደው የሰሊጥ አጫጅ በማሳው የሚያድረውም በዚሁ ወቅት ነው። በጋ ሲገባ በሽታው የጠፋ ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአውሮፓ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዳራዊሽና አሳር በተባሉ የገዳሪፍ መንደሮች ነዋሪዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ ሌላ ነገር ተገለጠ። የወባው ተሕዋሲ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ደም ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ሊያየው በማይችል መጠን፣ ደረቁን ወራት አሳልፎ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል።

ይህ ወቅት የመጠበቅ የወባ ጠባይ ለነፍሰ ጡሮች የተለየ መዘዝ አለው። ዓመቱን ሙሉ ወባ በማይጠፋባቸው የአፍሪካ አገሮች አዋቂ ሰው የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ አደጋውም በዋናነት የሚከፋው በመጀመሪያ እርግዝና ነው። በምሥራቅ ሱዳንና በመተማ ቆላ ወባው ወቅት ጠብቆ የሚመጣ በመሆኑ ያ አቅም ደካማ ነው። ስለዚህ አምስተኛ ልጇን ያረገዘችውም ሴት ከአደጋው አታመልጥም።

እርግዝና ራሱ ለወባ በር የሚከፍተው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ተሕዋሲ የገባበት ቀይ የደም ሴል በላዩ ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያበቅላል። ሚካል ፍሪድና ፓትሪክ ዳፊ ኬንያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ በነፍሰ ጡሮች ላይ ይህ ሴል ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ በተባለ የእንግዴ ልጅ ንጥረ ነገር ላይ ይጣበቃል። ሴትየዋ ከማርገዟ በፊት ሰውነቷ ይህን ዓይነቱን ተሕዋሲ አያውቀውም፤ የሚዋጋበት ፀረ እንግዳ አካልም አላዘጋጀም። ከጣቷ የተወሰደው ደም ንጹሕ መስሎ እንግዴ ልጁ በተሕዋሲው ሊሞላ የሚችለውም ሴሎቹ እዚያው ተጣብቀው ስለሚቀሩ ነው። እናቲቱ ደም ያንሳታል፣ ሕፃኑ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ ይወለዳል፣ አንዳንዴም ጽንሱ በሆድ ይሞታል።

ሕክምናው ደግሞ ለረጅም ጊዜ አጣብቂኝ ነበር። ክሎሮኪን ተሕዋሲው ስለተላመደው ከጥቅም ውጭ ሆነ። ኩዊኒን ጆሮ ያስጮኻል፣ የእርጉዝ ሴትን የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል፤ ለቀናት ሳያቋርጡ መውሰዱም ብዙዎችን ያታክታል። ቱ ዩዩ ከአንድ የአሪቲ ዘመድ ተክል ያወጡት አርቴሚሲኒን ፈጣንና ብርቱ ቢሆንም፣ በእርጉዝ አይጦች ላይ ሲሞከር በእርግዝናው መጀመሪያ ጽንስ ገደለ። በዚህ ሳቢያ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ላሉ ሴቶች እንዳይሰጥ ተመከረ። ነፍሰ ጡሮች ከመድኃኒት ሙከራ ስለሚገለሉም አይጥ ላይ የታየው በሰው ላይ ይደርስ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ለጥንቃቄ ተብሎ የተደረገው ማግለል እናቶችን ለዓመታት ያለ ማስረጃ አስቀርቷቸዋል።

ኢስሐቅ አደምና ባልደረቦቻቸው የያዙት መንገድ መድኃኒቱን የወሰዱትን ሴቶች እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ መከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት በምሥራቅ ሱዳን ከአርቴሚሲኒን የሚሠራው የአርቴሜተር መርፌ የተሰጣቸውን 28 ነፍሰ ጡሮች ውጤት ዘገቡ። በ2009 ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ብዙዎቹ ማርገዛቸው ሳይታወቅ፣ የአርቴሚሲኒን መድኃኒት የወሰዱ 62 ሱዳናውያት ታሪክ ወጣ። ሁለቱ ጽንስ ወርዶባቸዋል፤ ይህ የደረሰው ግን ወባው ዳግም አገርሽቶባቸው ኩዊኒን በሚወስዱበት ጊዜ ነበር። የቀሩት ጤነኛ ልጆች ወለዱ፤ የአካል ጉድለት ያለበት ሕፃንም አልታየም።

62 ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ጥናት ብቻውን መመሪያ አያስቀይርም። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ጥናቶች ከታይላንድና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከመጡት ጋር ሲደመሩ ግን ሚዛን ይደፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የያዘው፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው ኪኒን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራትም ላልተወሳሰበ የፋልሲፓረም ወባ እንዲሰጥ መከረ።

ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት እጅግ ብዙ ሰው ወደ ገዳሪፍ ገፍቷል፤ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩም ብዙ ናቸው፤ በመካከላቸውም ነፍሰ ጡሮች አሉ። በቆላ የምትኖር ወይም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደች ሴት ትኩሳት ሲሰማት ሳታድር ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር፤ ማርገዟን ወይም የወር አበባዋ መዘግየቱንም ለባለሙያው አስቀድማ ትንገር።