መርዝና መጠኑ፦ በምዕራብ ሸዋ ማሳና ጓዳ የሚገኙ ኬሚካሎች

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አምቦ በመላ አገሪቱ የታወቀችበት የማዕድን ውኃ የሚያፈላው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ሲጠጣ በግሳት ይወጣል እንጂ ጤነኛ ሰው አይጎዳም። ይኸው ጋዝ ግን አየር በማይዘዋወርበት ስፍራ ተጠራቅሞ ከሚተነፈሰው አየር 10 በመቶውንና ከዚያ በላይ የያዘ እንደሆነ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን አስቶ ሊገድል ይችላል፤ እህል በጉድጓድ በሚከማችባቸው አካባቢዎች ጉድጓዱን ከፍቶ ወዲያው የሚገባ ሰው ለመታፈን አደጋ የሚጋለጠውም በዚህ ጋዝ መብዛትና በኦክስጅን ማነስ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለያየው መጠኑና ወደ አካል የገባበት መንገድ ነው፤ ቶክሲኮሎጂ የሚባለው የመርዝ ሳይንስም የቆመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የስዊዝ ሐኪም ፓራሴልሰስ እ.ኤ.አ. በ1538 በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ማንኛውም ነገር መርዝነት እንዳለውና ይህን የሚወስነው መጠኑ እንደሆነ አስረድቷል። መጠን ሲባል ደግሞ ከሰውነት ክብደት ጋር ተነጻጽሮ የሚታይ በመሆኑ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳን እምብዛም የማይጎዳ ጉንጭ 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ስድስት እጥፍ ይከብደዋል። ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ጎጂ፣ ከማሳ የተገኘ ሁሉ ጤናማ ነው የሚለው ሰፊ እምነትም ከዚህ አንጻር ሲመዘን አይጸናም፤ በድርቅ ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚጸናው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ፣ በውስጡ ያለው የነርቭ መርዝ እግርን ለዘለቄታው ሽባ እንደሚያደርግ የጎንደር አካባቢ ገበሬዎች በተደጋጋሚ ከደረሰባቸው ጉዳት የታወቀ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን ከግብርና ግብዓት መደብር ተገዝቶ ወደ ቤት የሚገባው ፀረ-ተባይ ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ አረም ለማጥፋት የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ፣ ድንች አብቃይ በሆኑት እንደ ጀልዱ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ቅጠል ለሚያደርቀው በሽታ የሚውለው ማንኮዜብ፣ ነፍሳትን የሚገድለው ማላታዮን ሁሉም በአንድ ስም «መድኃኒት» ይባሉ እንጂ በሰው አካል ላይ የሚሠሩት ሥራ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ፈጥኖ በመግደል የሚታወቁት ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ-ነፍሳት ሲሆኑ፣ ማላታዮንም ከእነዚህ ወገን ይመደባል፤ ምንም እንኳ በወገኑ ውስጥ ከለዘብተኞቹ አንዱ ቢሆንም። ነርቭ ጡንቻንና ዕጢን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል አማካይነት ነው፤ ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ይህን ኬሚካል የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ኦርጋኖፎስፌት ኢንዛይሙን ስለሚያስረው ትእዛዙ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት የተመረዘው ሰው ምራቁና እንባው ይፈስሳል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፤ በመጨረሻም ሳንባው በፈሳሽ ሲሞላና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሲዝሉ ሕይወቱ ያልፋል። ሐኪሞች አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት በመርፌ በመስጠት ብዙዎችን ማትረፍ ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ታማሚው በጊዜ ከደረሰ ነው።

መርዙ በአፍ ብቻ የሚገባ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የሚያንጠባጥብ መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ሸሚዙ እየረጠበ ግማሽ ቀን የሚውል ገበሬ በቆዳው በኩል እየተመረዘ ነው፤ ከርጭት በኋላ ወተት መጠጣትም በቆዳ የገባውን አያስወጣም። የሚጠቅመው የረጠበውን ልብስ ወዲያው አውልቆ ገላን በብዙ ውኃና በሳሙና መታጠብ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የነቀዝ ክኒን ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ይህ ክኒን የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ 3 ግራም ከሚመዝን አንድ ፍሬ 1 ግራም ያህል ፎስፊን ይወጣል። የተሠራው ተዘግቶ ለሚታጠንና ሰው ለማያድርበት መጋዘን ሆኖ ሳለ፣ ጆንያው ከመኝታ ክፍል በማይለይበት ቤት ሲገባ ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ የተኙትንም ያገኛቸዋል። ጋዙ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ሊኖረው ቢችልም ሽታ አለመኖሩ የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም። ፎስፊን ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው ልብንና ትንፋሽን መደገፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ክኒኑ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ ሊገባ የማይገባው ነገር ነው።

በአንድ ቀን የማይገድል መርዝም አለ። ለወባ መከላከያ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የተረጨው ዲዲቲ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ በጅማ አካባቢ በተካሄደ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። በእርሻ ላይ መዋሉን እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከልክሏል።

በጓዳ ውስጥ ያሉት ደግሞ በቅርበታቸው ይበልጥ ያዘናጋሉ። በረኪና ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በረኪና ወይም ላምባ የጠጣን ሕፃን ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ማስመለስ አይገባም፤ በረኪናው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ሊያቃጥለው፣ ላምባው ደግሞ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። በደጋው ብርድ ወደ ተዘጋ ክፍል የሚገባው የከሰል ምድጃ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፣ ከደም ጋር ያለው የመጣበቅ ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል።

እነዚህ ሁሉ አደጋዎች የሚባባሱት ኬሚካሉ ከዋናው ዕቃ ወጥቶ ስም በሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ ሲሸጥና ሲቀመጥ ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ምርቱ ተመዝግቦና መግለጫ ተለጥፎበት እንዲሸጥ ቢሆንም፣ በትንሽ ልክ የሚገዛ ገበሬ መግለጫውን የማየት ዕድል የለውም፤ በዚህ ረገድ ጥፋተኛው ከገዢው ይልቅ ቀንሶ የሚሸጠው ነጋዴና ይህን እያየ ዝም የሚለው ተቆጣጣሪ ነው። ይህ እስኪታረም ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የገዛውን ኬሚካል ስሙ ከተጻፈበት ዕቃ ሳያወጣ ከልጆች እጅ በራቀ ስፍራ ይቆልፍ፤ ሰው ተመርዞ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድም ሐኪሙ የሚሰጠውን ሕክምና ፈጥኖ እንዲለይ ዕቃውን ከነመግለጫው ይዞ ይሂድ።